የባዩ ጥሩነህ ክኒን

መምህር ማቴዎስ ወገዳ ላይ ስነ ዜጋና ስነ ምግባር ያስተምራል። “ሐቀኝነት” የሚለው ምዕራፍ ላይ ሲደርስ የኋላ ወንበር ላይ የሚያንቀላፋው ተማሪ እንኳ ይነቃል ይባልለታል። ታዲያ ይኸው ሰው በየሦስት ወሩ ጥርሱን ያመዋል። ርዕሰ መምህሩን ያስፈቅድና ጎህ ሲቀድ አውቶቡስ ተሳፍሮ ወደ እስቴ ይሻገራል። በአራት ዓመት ውስጥ አሥራ ስድስት ጥርስ ታሞ አንዱም አልተነቀለም። ርዕሰ መምህሩ ደግ ሰው ስለሆኑ ቆጥረው አያውቁም።

እስቴ ውስጥ እሱን ማንም የማያውቅበት አንድ ጤና ጣቢያ አለ። በሩ ላይ ሲደርስ ማቴዎስነቱን እንደ ጭቃ ጫማ አውልቆ ይገባል። ከካርድ ክፍል እስከ መድኃኒት መስኮት ድረስ ስሙ ባዩ ጥሩነህ ነው፤ ቀበሌው ዋርካ ጊዮርጊስ፣ ሥራው ግብርና። በቀን አንድ የምትዋጠውን የኤችአይቪ መድኃኒት የሦስት ወር በጠርሙስ ይቀበላል። እንዳይንኮሻኮሽ ጥጥ ይጠቀጥቅበትና ከቦርሳው ሥር፣ ከፈተና ወረቀት በታች ይቀብረዋል። ማታውኑ ወገዳ ይመለሳል፤ ጥርሱም ድኗል።

ስሙ ከሰማይ አልወረደለትም። ባዩ ጥሩነህ የሚባል ሰው አለ፤ ዋርካ ጊዮርጊስም አለች። ማቴዎስ ጀማሪ መምህር ሆኖ መጀመሪያ የተመደበው እዚያ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ያደረው በባዩ ቤት፣ የበላው ከባዩ ሚስት ከአዛለች እጅ ነው። ወገዳ ከተዛወረ በኋላ እስቴ ሄዶ ደሙ ተመርምሮ ያ ቃል በተነገረው ቀን፣ መዝጋቢዋ እስክሪብቶዋን አንስታ “ስም?” ስትለው፣ ከአፉ የወጣው በዕድሜው ካወቃቸው ሰዎች ሁሉ ንጹሕ የመሰለው ሰው ስም ሆነ። ሌባም ቢሆን ጥሩውን መርጦ ነው የሚሰርቀው። ዕድሜውን ብቻ የራሱን ሰጠ፤ ሠላሳ።

በ2012 መጋቢት ላይ ኮሮና ገባ ተባለና ትምህርት ቤት ተዘጋ። በሚያዝያ አውቶቡሱም ቆመ፤ ከከተማው መውጫ ላይ ገመድ ተዘረጋ፤ ከገመዱ ሥር ሁለት ሚሊሻ ወንበር አወጡ። ማቴዎስ ጠርሙሱን ገልብጦ ቢያይ ዘጠኝ ክኒን ቀርቶታል። አንድ ቀን ውጦ አንድ ቀን እየዘለለ መግለጫ ይሰማ ጀመር። መግለጫው ሁሌ የሚያልቀው እጅዎን ይታጠቡ በሚል ነው። እጁን ታጠበ። በታጠበው እጅ ላይ ምን እንደሚቀመጥ ግን የሚናገር ጠፋ።

መድኃኒቱ ወገዳም አለ። ነገር ግን እዚያ ካርድ የምታወጣው የተማሪው እናት ናት፤ ዘበኛው የንስሐ አባቱ ወንድም ነው። ደግሞስ ምን ይዞ ይሂድ? ካርዱ ባዩ ነው፣ ፊቱ ማቴዎስ።

ክኒኑ ባለቀ በአሥረኛው ቀን እስቴ መድኃኒቱን ለምትሰጠው ነርስ ለህሊና ደወለ።

“ሲስተር፣ ባዩ ነኝ።”

“ውይ ባዩ! ስልክ የለኝም ብለህ ስላስጻፍክ በምን ላግኝህ ስል ነበር የከረምኩት። አይዞህ፣ እንዳታስብ። ሰው ወደ እኛ መምጣት ካልቻለ መድኃኒቱ ወደ ሰው ይሂድ ብሎ የኮሮና ግብረ ኃይሉ ወስኗል። ያንተም ቤትህ ድረስ ተልኳል።”

“የቱ ቤቴ?”

“ስንት ቤት አለህ? ዋርካ ጊዮርጊስ ነዋ! የጤና ኤክስቴንሽኗ ብርቱካን ፈርማ ወስዳ አስረክባለች። ምነው፣ አልደረሰህም?”

ማቴዎስ ባዶውን ጠርሙስ ገልብጦ አየ።

“ደ... ደርሶኛል። ሌላ አንድ ጠርሙስ ብታወጪልኝስ?”

“እስከ ሐምሌ ወጥቶልሃል እኮ! በአንድ ካርድ ሁለት ጊዜ አይወጣም። ያለህን በሥርዓቱ ዋጥ፣ እሺ የኔ ወንድም?”

በነጋታው ማቴዎስ በትሩን ይዞ፣ ገመዱን በእርሻ ውስጥ ዞሮ በእግሩ ወጣ። መንገዱ አንድ ቀን ተኩል ይወስዳል። ጉልበቱ ግን እንደ ድሮው አልነበረም፤ ዳገቱ ላይ አራት ጊዜ ተቀመጠ። መንገድ ላይ በአንድ ገበሬ ቤት በረንዳ አድሮ፣ ዋርካ ጊዮርጊስ የደረሰው በሁለተኛው ቀን ረፋድ ላይ ነው።

ባዩ ደጁ ላይ ብቻውን ተቀምጧል። ሃምሳ ሊሞላው ጥቂት የቀረው፣ ትከሻው ሰፊ ሰው ነበር፤ ዛሬ ትከሻው ብቻ የቀረ ይመስላል። ከአንድ ነጭ ጠርሙስ ክኒን አወጣ፤ አማተበ፤ በጣሳ ውሃ ዋጣት። ማቴዎስ የገዛ ክኒኑ በሌላ ሰው ጉሮሮ ስትወርድ ቆሞ አየ።

“መምህር! አንተ ልጅ፣ ከየት ተገኘህ?” ባዩ ሊያቅፈው ተነሳና እንደገና ተቀመጠ። “አትቅረበኝ። እዚያው ድንጋዩ ላይ ሁን።”

“ኮሮናን ፈርተው ነው ጋሽ ባዩ?”

“ኮሮናስ ምናባቱ! እኔን የያዘኝ የድሮው ነው።”

ሁሉንም ነገረው። ብርቱካን አፏን በጨርቅ ሸፍና መጣች። ከሰው ሁለት የአዋቂ እርምጃ መራቅ ሕግ ነው፤ ባዩ ደግሞ አንድ ጆሮው ከበድ ይላል፤ ጨርቁም ድምፅ ያፍናል። ስለዚህ ከአጥሩ ማዶ ቆማ በሙሉ ጉሮሮዋ ጮኸች፤ “ጋሽ ባዩ! ይኸ የኤችአይቪ መድኃኒት ነው! በየቀኑ አንድ! አንድ ቀን እንዳይዘሉ! ምስጢር ነው፣ ለማንም እንዳይናገሩ!”

“ምስጢሩን” አለ ባዩ፣ “ማዶ የሚያርሰው ሰውዬ በሬውን አቁሞ ሰማው።”

“ስህተት ነው አላሏትም?”

“እንዴት ይሆናል ስህተት? የእኔ ስም፣ የአባቴ ስም፣ ቀበሌው፣ አንዱ አልጎደለም። እነሱ እኮ ለማዳበሪያ ስሜን በየነ ብለው ጽፈው ሁለት ዓመት ያመላለሱኝ ናቸው! ለዚህ ግን አንዲት ፊደል አልሳቱም። አምና ለወባ ብለው ጣቴን ወግተውኝ ነበር። ያኔ አይተውት ኖሯል፤ አዝነውልኝ ነው ዝም ያሉት።”

“ተመርምረው ማረጋገጥ ነበረብዎት።”

“ሄድኩ እንጂ! መርማሪው ኬላ ላይ ቆሞ የመንገደኛ ግንባር ላይ ትኩሳት መለኪያ ይደግናል፤ ክፍሉ ተቆልፏል። ኮሮና ሲያልፍ ይምጡ አሉኝ። አዛለችን አባቷ መጥቶ ወሰዳት፤ ልጄ ተመርምራ እስክትለይ ካንተ ጋር አንድ ጣራ ሥር አታድርም ብሎ። ምን ልበለው? ልጁ ናት።”

ማቴዎስ እውነቱን ሊናገር ነው የመጣው ብንል ዋሸን። የመጣው ጠርሙሱን ሊወስድ ነው። ስለዚህ ግማሿን ተናገረ።

“ጋሽ ባዩ፣ እኔም... እኔንም ያው በሽታ ይዞኛል። መድኃኒቴ አልቆ አሥራ ሁለት ቀኔ ነው።”

ባዩ አንድም ነገር አልጠየቀም። ከየት፣ ከማን፣ መቼ አላለም። ነጠላውን ድንጋዩ ላይ ዘርግቶ ጠርሙሱን ገለበጠበትና በጣቱ ይለይ ጀመር፤ አንድ ወዲህ፣ አንድ ወዲያ። ሁለት እኩል ክምር ሲሆን ከራሱ ክምር ጥቂት ቆንጥሮ ወደ ማቴዎስ ጨመረ።

“ይኸ ለምን?”

“እኔ ልጅ አልወለድኩ፤ የምጠብቀው አዝመራም የለኝ። አንተ ገና ነህ። አንሳና ያዝ፣ ዶሮ ሳይለቅመው።”

ማቴዎስ እጁን ዘረጋ። እጁ እንደተዘረጋ ቀረ። ከዚያ በሚያስተምርበት የዘጠነኛ ክፍል መጽሐፍ ውስጥ በሌለ አኳኋን፣ እየተንተባተበና ንፍጡ እየወረደ ሙሉውን ተናዘዘ፤ በሽታው የማን እንደሆነ፣ ስሙን ማን እንደሰጠ፣ ለምን እንደሰጠ።

ባዩ ክኒኖቹን አንድ በአንድ ወደ ጠርሙሱ መለሰ።

“አገር ሙሉ ስም ነበር” አለ በመጨረሻ።

“ከማውቃቸው ሁሉ ጥሩው ሰው እርስዎ ስለነበሩ ነው።”

“ጥሩ ሰው ስለሆንኩ ቤቴን ዘጋኸው?” ዱላውን አነሳ፤ አየው፤ መልሶ አስቀመጠው። “ተነስ። ይቺን ለእኔ ሳይሆን ለአዛለች አባት ነው የምትነግራት። አንድ ቃል ሳትቀንስ።”

ሽምግልናው የተቀመጠው በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ዛፍ ሥር ነው። ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ በአዋጅ ተከልክሏልና ዳኛው መሪጌታ ወልደ ሰንበት፣ ሁለት ሽማግሌዎችና የአዛለች አባት ውስጥ ሆኑ። ባዩ፣ ማቴዎስና አዛለች ከአጥሩ ውጭ ቆሙ፤ እነሱ በሕግ ዓይን አላፊ አግዳሚ ናቸው።

ማቴዎስ ከአጥሩ በላይ ተናገረ። ሲጨርስ መሪጌታ አፋቸውን የሸፈኑበትን ጋቢ ገለጥ አድርገው ዓይናቸውን ጠረጉ።

“ወልድየ፣ ተባረክ” አሉ። “በዚህ ዘመን፣ እንጀራ የበላበትን ቤት የማይክድ ሰው አለ ለካ!”

“ምን አሉ መሪጌታ?” አለ ማቴዎስ።

“የወዳጁን ነውር በራሱ ላይ ተሸክሞ የሚመጣ! ወንድም እንኳ አያደርገውም።”

“እውነቴን ነው እኮ የምላችሁ! እኔ ነኝ የታመምኩት!”

“እናውቃለን ልጄ፣ እናውቃለን” አሉ አንደኛው ሽማግሌ፣ የሚያለቅስ ልጅ የሚያባብሉ እየመሰሉ።

ማቴዎስ ካርዱን ከኪሱ አውጥቶ በአጥሩ አሾለከ። መሪጌታ ከፊታቸው ራቅ አድርገው፣ ቅኔ እንደሚዘርፉ ድምፃቸውን አስተካክለው አነበቡት። ስም፣ ባዩ ጥሩነህ። ቀበሌ፣ ዋርካ ጊዮርጊስ። ሥራ፣ ግብርና።

“ይኸው!” አለ የአዛለች አባት። “ገና ምን ትሻላችሁ?”

“ዕድሜውን ያንብቡት!” ባዩ ጮኸ።

“ሠላሳ ይላል።”

“እኔ ሠላሳ ነኝ?”

“መንግሥት ዕድሜ መቼ አውቆ!” አለ የአዛለች አባት። ሽማግሌዎቹም በዚህ ተስማሙ።

“እኔ አምኜዋለሁ” አለች አዛለች። ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ ነበር፤ አሁን ገለጠችው። ወደ ማቴዎስ ዞረች። “መምህር፣ ሁለት ዓመት ከመንገድ ስትገባ እግርህን ያጠብኩህ እኔ ነኝ። ስሙን ስትሰጥ እኔ ትዝ አላልኩህም?”

ማቴዎስ እግሩን አየ።

“ሚስት ናት፤ ማመን ትፈልጋለች” አሉ መሪጌታ በርኅራኄ። ከዚያ ፍርዱን ሰጡ። ሰዎቹ መድኃኒቱ የመምህር ነው ይላሉ፤ መዝገቡ የባዩ ነው ይላል። ያጣላ ነገር እውነቱ እስኪለይ በሦስተኛ እጅ መቀመጡ የአገር ሥርዓት ነው። ስለዚህ ጠርሙሱ በጨርቅ ታስሮ፣ በሰም ታትሞ፣ ምርመራ ክፍሉ እስኪከፈት በዕቃ ቤት ይቆለፋል።

“መሪጌታ፣ ያለሱ እኮ እሞታለሁ!”

“ለማይገባው ሰጥተን የሚገባው ቢሞት ደሙ በእጃችን ነው።”

“ለማንም ካልሰጣችሁትስ?”

“ያኔ በእግዚአብሔር እጅ ነው” አሉ መሪጌታ፤ የሁሉም ትከሻ ቀለለ።

ማቴዎስ ለህሊና ደወለ፤ ለመጀመሪያ ጊዜም ስሙን ነገራት። ህሊና በስልኩ ውስጥ ረጅም ትንፋሽ ለቀቀች። እሷ ራሷ ከኮሮና ታማሚ ጋር ተነካክታለች ተብላ ለይቶ ማቆያ ውስጥ ተቆልፎባታል። “ተተኪው ልጅ ፊትህን አያውቀውም። በአዲስ ስም ልመዝገብህ ቢል ደግሞ ሳይመረምርህ አይችልም፤ ምርመራው ቆሟል። መዝገቡ ላይ እኮ አንተ ጤነኛ ነህ፣ ማቴ... ማቴዎስ ነው ያልከኝ?”

ወገዳ የሚመለስበት ጉልበት ስላልነበረው ባዩ ቤት ተኛ። ባዩ ንፍሮ ያበስላል፤ አንድ ሳህን ከድንጋዩ ላይ ያስቀምጥለታል፤ ብዙ አያናግረውም። በሦስተኛው ሳምንት ሳል ጀመረው። በአራተኛው ሱሪው በገመድ እንጂ በቀበቶ አልይዝ አለ።

ሳሉን የሰማ ጎረቤት ለብርቱካን ነገረ። ብርቱካን መጥታ ከአጥሩ ማዶ ቆመችና “ደረቅ ሳል ነው?” ብላ ጮኸች። በነጋታው፣ በሬ እንኳ እየመረጠ በሚረግጠው መንገድ መኪና መጣ። ለማዳበሪያ ያልመጣ፣ ለወላድ ያልመጣ መኪና። ከራስ ፀጉራቸው እስከ እግር ጥፍራቸው ነጭ የለበሱ ሦስት ሰዎች ወርደው ረጅም እንጨት በአፍንጫው ሰደዱ።

“እግረ መንገዳችሁን” አለ ማቴዎስ፣ ዓይኑ እያነባ፣ “ደሜንም ብታዩልኝ።”

“እሱ የእኛ ሥራ አይደለም። የሌላ ክፍል ነው።”

በአራተኛው ቀን ማኅተም ያለበት ወረቀት መጣ፤ ማቴዎስ ኮሮና የለበትም። ብርቱካን የምሥራቹን ከአጥር ማዶ አሰማች። ሽማግሌዎቹም በማግሥቱ ተቀመጡ፤ አራት ውስጥ፣ ሦስት ውጭ። ማቴዎስ መቆም ስላልቻለ ከአጥሩ ግንድ ጋር ተደግፎ ነበር።

“የኮሮና ምርመራ ነው እኮ!” አለ። “የእኔን በሽታ አላዩትም!”

“ልጄ” አሉ መሪጌታ፣ “በመኪና ድረስ መጥተው፣ እስከ አንጎልህ ዘልቀው ትንሹን በሽታ የፈለጉ ሰዎች ትልቁን አልፈውት ይሄዳሉ? የወዳጅነትህን አድርሰሃል፤ እግዚአብሔር ይቁጠርልህ። ይብቃህ።” ጨርቁን ፈቱ፤ ሰሙን ሰበሩ። ጠርሙሱን ይዘው ወደ ባዩ ዞሩ። “ባዩ፣ በእነዚህ ሰዎች ፊት የኔ ነው ካልክ ውሰድ። የኔ አይደለም ካልክ ወደ ዕቃ ቤት ይመለሳል። ተናገር።”

አዛለች ከባዩ ጎን ሁለት እርምጃ ርቃ ቆማለች። ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች። “አይደለም በላቸው” አለች በሹክሹክታ። “ባዩ፣ በጊዮርጊስ፣ አይደለም በላቸው።” አባቷ ከውስጥ ሆኖ ይጠብቃል፤ ባዩ የኔ ነው ባለ ሰዓት ትዳሩ ያበቃል፣ ሽማግሌም ምርመራም አያስፈልገውም።

ባዩ ሚስቱን አያት። ከዚያ ግንዱ ሥር የተቆለመመውን ሰውዬ አየ።

“የኔ ነው” አለ።

ማቴዎስ አፉን ከፈተ። ሳል ቀደመው። ሳሉ ረጅም አልነበረም። ሲያበቃ ግን ጠርሙሱ ባዩ እጅ ገብቶ ነበር፤ ማቴዎስም የከፈተውን አፍ መልሶ ዘጋው።

የአዛለች አባት በበሩ ወጥቶ ልጁን ክንዷን ያዘ። እሷ አልጮኸችም። ነጠላዋን ወደ ፊቷ ስባ ተከተለችው።

ባዩ ማቴዎስን በብብቱ ደግፎ ቁልቁል ወረደ። ከመታጠፊያው ሲደርሱ አስቀመጠውና ክዳኑን አሽከርክሮ አንድ ክኒን መዳፉ ላይ አደረገለት።

“ጋሽ ባዩ፣ ነገ ሄጄ እነግራቸዋለሁ። በጊዮርጊስ፣ ነገ...”

“ነገ አትነግራቸውም” አለ ባዩ። “ዋጥ።”

ውሃ አልነበረም። ማቴዎስ በደረቁ ዋጠ።